መልስ፦ ሞሊብዴናይት ወይስ ግራፋይት?

ሰላም ወንድሜ። ደቡብ ምሥራቅ አላስካ፣ ኳርትዝ ሂል አካባቢ ባየኸው ነጭ ኳርትዝ ውስጥ ያለው ብርማ ቅጠል (እንደ ቅጠል የሳሳ የማዕድን ንጣፍ) ሞሊብዴናይት፣ ማለትም ሞሊብዴነም የተባለው ብረት የሚወጣበት ማዕድን ነው ወይስ ግራፋይት፣ ማለትም እርሳስ የሚሠራበት ካርቦን ብለሃል። ቦታው በሞሊብዴናይት ክምችቱ የታወቀ ነው፤ ቦታው ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ሁለቱም ጣት ያጠቁራሉ፣ በጥፍርም ይጫራሉ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በነጭ ስኒ ለስላሳ ገጽ ላይ አጥብቀህ አስምርና መስመሩን በሌላ የስኒ ስባሪ እሸው። ወደ አረንጓዴ ካደላ ሞሊብዴናይት ነው፤ ግራፋይት ጥቁር ግራጫ እንደሆነ ይቀራል። ክብደታቸውም ይለያያል፦ ሞሊብዴናይት ከውኃ 4.7 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ግራፋይት 2.2 ገደማ። ኳርትዝ ከተጣበቀበት ሚዛኑ ያሳስትሃል፤ ንጹሕ ቅጠል ለይተህ መዝን። ስንጥቁ ላይ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ ዱቄት ካለ ምናልባት ፌሪሞሊብዳይት (ሞሊብዴናይት ሲበሰብስ የሚፈጠር ማዕድን) ነው፣ የሞሊብዴናይት ጥሩ ምልክት። እባክህ በብሩሽ አትፈትገው፣ ይረግፋል።