ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ፔዳሉም እግሬን ይገፋዋል። ፍሬን ካልያዝኩ ግን ምንም የለባትም። አንድ ጋራዥ የፊት ዲስኮቹን ቶርኖ ቤት አስጠርቦ፣ ዲስኩን የሚጨብጠውን ሸራ ቀይሮ ሰጠኝ። ጥቂት ሳምንታት ደኅና ከረመችና ችግሩ ተመልሶ መጣ። አሁን ዲስኮቹ ይቀየሩ ተብያለሁ። ልቀይር ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሪ እኅቴ። ሳትቀይሪ በፊት መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። የጻፍሽልኝ ራሱ ብዙ ይናገራል። ፍሬን ሳትይዢ ሰላም ከሆነች ነገሩ የጎማ ባላንስ አይደለም። መሪው ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ጎማዎች ይመጣል። ከሁሉ በላይ ልብ ያልኩት ግን “ጥቂት ሳምንታት ደኅና ከረመች” ያልሽውን ነው። የተጠረበ ዲስክ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ከተበላሸ፣ የሚያበላሸው ነገር እዚያው መኪናዋ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ያ ሳይገኝ አዲስ ዲስክ ብትገዢ እርሱም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

በየጋራዡ “ዲስኩ ተጣሟል” ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሆነው እንዲህ ነው። ዲስኩ የሚያርፍበት የጎማው እምብርት ላይ ዝገት ወይም የደረቀ ጭቃ ካለ ዲስኩ በትንሹ ዘንበል ብሎ ይታሰራል። ቶዮታ በእነዚህ ትናንሽ መኪናዎች የፊት ዲስክ ላይ የሚፈቅደው መወላገድ ወደ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ከዚያ ካለፈ፣ ፍሬን ሳትይዢም ቢሆን ጎማው በዞረ ቁጥር ያው አንድ የዲስኩ ጎን ሸራውን እየነካ ያልፋል፤ እየነካም ይሳሳል። መጀመሪያ አይሰማሽም። ሳምንታት ሲያልፉ ዲስኩ አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ሳሳ ያለ ይሆናል። ፍሬን ስትይዢ ወፍራሙ ቦታ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሸራው ከኋላው ያለውን ፒስተን፣ ፒስተኑ የፍሬን ዘይቱን፣ ዘይቱ ፔዳሉን። እግርሽን የሚገፋው እርሱ ነው። ቶርኖው ውፍረቱን አስተካከለ፤ ዲስኩ ተመልሶ የታሰረው ግን ምናልባት በዚያው ዝገት ላይ ነው።

ስለዚህ መካኒክሽን ይህን ጠይቂው። ዲስኩን አውጥቶ እምብርቱን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍገው፤ በተለይ ዝገት የሚደበቅበትን የቡሎኖቹን ሥር። የዲስኩን የውስጥ ፊትም እንዲሁ። ከዚያ ዲስኩን በዳዶዎቹ አጥብቆ ባለ መርፌ መለኪያ ያስደግፍበትና በእጁ ያዙረው። መርፌዋ ከልኩ በላይ ከተወዛወዘች፣ ዲስኩን አውጥቶ አንድ ቀዳዳ አዙሮ ይሰረውና እንደገና ይለካ። የቪትዝ ቡሎኖች አራት ስለሆኑ አራት አቀማመጥ መሞከር ይቻላል። ብዙ ጊዜ አንደኛው ይስማማል፤ ይህ ደግሞ ከጉልበት በቀር ምንም አያስወጣም። መለኪያው የሌለው ጋራዥ ዲስክ ቀይሪ ቢልሽ አትቀበዪው። ሳይለካ ምን ዐውቆ ነው?

የዲስኩ ውፍረትም ማይክሮሜትር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ይለካ። ዝቅተኛው የሚፈቀደው ውፍረት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የአንቺዎቹ አንዴ ስለተጠረቡ ከዚያ በታች ወርደው ከተገኙ ክርክር የለውም፤ ግራና ቀኙ አብረው ይቀየራሉ። ሸራዎቹን የያዘው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖችም በእጅ ሲገፉ በቀላሉ መሄድ አለባቸው። ደርቀው ከያዙ ተጠርገው ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ቅባት ይቀቡ። ተራ ግራሶ የፒኖቹን የላስቲክ ሽፋን ያሳብጠዋልና አይሆንም። ክሪክ ላይ እንዳለች የጎማው ኩሽኔታ መላላት አለመላላቱንም ይዩልሽ።

አሁን ወደ ጎሚስታው ልምጣ፤ ይህ ነገር ያንገበግበኛል። በየመንገዱ ዳር ቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጥለው፣ ቆመውበት፣ ዘለውበት ጎማ ያጠብቃሉ። ለእንደ አንቺ ዓይነቷ ቶዮታ የተወሰነው የዳዶ ማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በግማሽ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል ክብደት ቢያርፍ እርሱን ይሰጣል። ሰባ ኪሎ ሰው ሲቆምበት ከሦስት እጥፍ አለፈ። አንዱ ዳዶ በዚያ ኃይል፣ ሌላው በልቅ ሲታሰር ዲስኩ ይወላገዳል፤ ቡሎኑም ይጎዳል። አፍረሽ ዝም አትበዪ። በመስቀለኛ፣ ተራ በተራ፣ በሁለት ዙር ያጥብቅልሽ፤ በእጁ ብቻ።

ቁልቁለቱንም አልረሳሁትም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። አንድ ቶን ተኩል እንኳ የማትሞላ መኪና በዚያ ከፍታ ልዩነት የምትለቀው ኃይል ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ሞተሩ ካልያዘልሽ ዲስኮቹ ላይ ነው የሚያርፈው። ከቁልቁለቱ በፊት ማርሽ ቀንሺ፤ አውቶማቲክ ከሆነችም ዝቅተኛውን ምረጪ። እግርሽን ፔዳሉ ላይ አስደግፈሽ አትውረጂ፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢና ልቀቂ። እንደደረስሽ ወዲያው መኪና አታሳጥቢ፤ በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ይጎዳዋል።

የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ይቀየር። ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ከሰመጠ ይህ ከመንቀጥቀጥ የከፋ ነው፤ በማርሽ አብርጂ፣ ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ሳይታይ አትንጂያት።

ሁሉም ተስተካክሎ አዲስ ሸራ ከገባ፣ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ከኋላሽ መኪና በሌለበት ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለሽ አብርጂ፤ በመካከሉ እየነዳሽ ይቀዝቅዝ። በዚያ መሐል ፔዳሉን ረግጠሽ አትቁሚ፤ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ይለጠፍና መንቀጥቀጡን እንደ አዲስ ይጀምረዋል።