ደምሽ ኔጌቲቭ ከሆነ፦ ስለ ሾተላይ (የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም) ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኦ ኔጌቲቭ ነኝ፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። ልጄን ያሰጋዋል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ጣጣው የሚጀምረው የልጁ ደም ወደ አንቺ ሲገባ ነው፤ በብዛት በወሊድ ሰዓት። ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውነትሽ ደሙን እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ (ባዕዱን የሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ) ያመርታል። ያ አንቲቦዲ በሚቀጥለው እርግዝና በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የጽንሱን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ልጁ ደም ያንሰዋል፣ ሲወለድ ቢጫ ይሆናል፣ ሲከፋ ማህፀን ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። ሁለተኛ ልጇን እንዲህ ያጣች እናት አዋልጃለሁ። የመጀመሪያውን ስትወልድ የመከላከያ መርፌውን የሰጣት አልነበረም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አንቲ-ዲ የሚባለው መርፌ የገባውን የልጁን ደም ሰውነትሽ ሳይነቃበት ያጸዳዋል። መጀመሪያ የኩምብስ ምርመራ (አንቲቦዲ መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ) አድርጊ። አንቲቦዲ ከሌለብሽ በ28ኛው ሳምንት ትወጊያለሽ። ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ትደግሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም ኔጌቲቭ ነን።

መልስ፦ ልጁም ኔጌቲቭ ነው። አያሰጋችሁም።

ጥያቄ፦ ትናንት በ4 ወሬ አስወረደኝ። አልወለድኩምና መርፌው ይቅርብኝ?

መልስ፦ አይቅርብሽ! ውርጃ፣ ከማህፀን ውጪ እርግዝና፣ በእርግዝና መድማት፣ ሆድ ላይ መመታት፣ ሁሉም ደም ያቀላቅላሉ። በ72 ሰዓት ውስጥ ተወጊ!

አንዷ፦ ሾተላይ እኮ ኦ ኔጌቲቭን ብቻ ነው የሚይዘው።

ሌላዋ፦ ማን አለሽ? እኔ ኤቢ ኔጌቲቭ ነኝ፣ ተወግቻለሁ።

መልስ፦ ደሟ ኤ ይሁን ቢ፣ ኔጌቲቭ የሆነች ሁሉ ይመለከታታል።

ጥያቄ፦ ኩምብሴ ፖዘቲቭ ነው ተባልኩ። ስንት መርፌ ልወጋ?

መልስ፦ ፖዘቲቭ ደምን የሚያጠቃው አንቲቦዲ (እሱም አንቲ-ዲ ይባላል) ሰውነትሽ ውስጥ ከተፈጠረ መርፌው አይሠራም። ተስፋ ግን አትቁረጪ። የአንቲቦዲው መጠን በየጊዜው ይለካል። በአልትራሳውንድ በጽንሱ አንጎል ያለው የደም ፍጥነት ይታያል፤ ከመጠን በላይ ከፈጠነ የደም ማነስ ምልክት ነው። ካስፈለገም እዚያው ማህፀን ውስጥ እያለ ደም ይሰጠዋል። ይህን የሚያውቅ ስፔሻሊስት ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ስለ መርፌው አስረዱኝ።

መልስ፦ ከላይ በሰፊው ጽፌዋለሁ። እባክሽ አንብቢው።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ 4 ቀኔ ነው። ልጁ ፖዘቲቭ ነው፣ አልተወጋሁም። አለፈኝ?

መልስ፦ ዘግይተሻል፣ ግን አልፎኛል ብለሽ አትቅሪ። እስከ 10 ቀን ድረስም ቢሆን ሊጠቅም ይችላል። ስልኩን አስቀምጪና አሁኑኑ ሂጂ።