ካሜራው ከመነሣቱ በፊት

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ ሙዚየም ውስጥ በቅርስ ምዝገባ ሥራ ላይ ነኝ። ከስብስባችን አብዛኛው ማሳያ ቦታ በማጣቱ መጋዘን ውስጥ ይገኛል። በቅርቡ ጥሩ ካሜራ ስላገኘን ቅርሶቹን በኢንተርኔት ለማቅረብ አስበናል፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ በቀጥታ ወደ ባለ ሦስት አውታር ምስል (በስክሪን ላይ እየተሽከረከረ ከየአቅጣጫው ወደሚታይ ምስል) እንግባ ሲሉ፣ ኃላፊያችን ደግሞ «ሁሉም በስልኩ ካየው ማን ይመጣል?» ይላሉ። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከመዝገቡ ይጀምሩ። ፈላጊ በኢንተርኔት ላይ አንድን ቅርስ የሚያገኘው በአብዛኛው ከምስሉ ጋር በተያያዙት ቃላት በመሆኑ፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ነገር፣ መጠኑ፣ ዘመኑና የተገኘበት ስፍራ ያልተጻፈለት ፎቶግራፍ ከአንዱ መጋዘን ወጥቶ ሌላ መጋዘን ገባ እንጂ ለሕዝብ ቀረበ አይባልም። ስሙንም ሲመዘግቡ ከባለሙያው ስያሜ ጎን ተራው ሰው የሚጠራበትን ያስገቡ። የቦታ እጥረቱ፣ መቼም፣ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ 8 ሚሊዮን ዕቃዎች ያሉት የብሪታኒያ ሙዚየም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ነው።

ፎቶግራፉን ሲያነሡ የቀለም ማመሳከሪያ ካርድና ማስመሪያ ከዕቃው አጠገብ ያኑሩ። ዋናው ቅጂ የምስሉን ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የቲፍ ፋይል፣ ለኢንተርኔት የሚወጣው ደግሞ ቀለል ባለ ጄፔግ ይሁን፤ የዋናው ተጨማሪ ቅጂ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ማየት የተሳናቸውን ተጠቃሚዎች ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ሥዕሉን ራሱን ሊያነብላቸው ስለማይችል፣ በምስሉ ላይ ያለውን ነገር ቅርጹን፣ ቀለሙንና ሁኔታውን በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹላቸው። «የሸክላ ዕቃ» ብሎ ማለፍ ግን መግለጫ አይደለም።

ባለ ሦስት አውታር ምስል ከየአቅጣጫው የተነሡ በርካታ ተደራራቢ ፎቶግራፎችን በሶፍትዌር በማገጣጠም ይሠራል፤ መስታወትና የሚያብለጨልጭ ብረት ግን ያስቸግሩታል። ስለዚህ ጀርባቸውም መታየት ላለበት ጥቂት ቅርሶች ያቆዩት። ከእርሱ በእጅ የሚዳሰስ ቅጂ ማተም መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2018 የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠልም አስቀድሞ በባለ ሦስት አውታር የተቀረጹ አንዳንድ ቅርሶች ቅርጻቸው ተርፏል።

የኃላፊዎ ስጋት እኛን አያሳምነንም። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2022 «የሌሊት ዘብ» የተሰኘውን የሬምብራንት ሥዕል ከ8,439 ፎቶግራፎች በተገጣጠመ የ717 ቢሊዮን ፒክስል ምስል ማንም እንዲያየው በኢንተርኔት አውጥቷል፤ የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር በቤት ሆኖ ይታያል፣ ጎብኚው ግን ዛሬም ሥዕሉ ፊት ይሰበሰባል።

የአጠቃቀም መብቱን ነገር አስቀድመው ይወስኑ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ375,000 የሚበልጡ ምስሎችን ያለ ምንም ገደብ ለቋል፤ በእኛ አስተያየት የቅጂ መብታቸው ላለፈባቸው ሥራዎች ይህ ትክክለኛ መንገድ ነው። የቀብርና የምስጢራዊ ሥርዓት ዕቃዎች ግን በዕድሜያቸው ብቻ አይመዘኑምና፣ ባለቤት የሆነውን ማኅበረሰብ ሳያማክሩ ምስላቸውን አይልቀቁ።