የፓርኩ ሆቴል ወይስ ዴይራ? ልጆች ይዛ ዱባይ ለምትሄደው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አንብቤዋለሁ። የአራትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችሽን ይዛችሁ በዚህ ክረምት ዱባይ ልትሄዱ ነው። የጉዞው ዋና ምክንያት ሌጎላንድ የሚባለው የልጆች መጫወቻ ፓርክና ዋተር ፓርክ (የውኃ መጫወቻ) ነው። ስታዲየም አካባቢ ያለው ወኪላችሁ ዴይራ ላይ፣ አሮጌው የዱባይ የገበያ ሰፈር፣ ርካሽ ሆቴል አግኝቶላችኋል። ባለቤትሽ ደግሞ "ለፓርክ ብለን ሄደን ከፓርኩ ርቀን ለምን እናድራለን?" ይላል። የቱ ይሻላል ብለሻል።

እኛም ልጆች ይዘን ሁለቱንም አይተናል። ዴይራም አድረናል፣ ፓርኩ አጠገብም አድረናል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። የኔ ምክር ጉዞውን ለሁለት ክፈሉት ነው። አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ፓርኩ አጠገብ እደሩ፣ የቀረውን ከተማ ውስጥ። ሙሉውን ጊዜ እዚያ መቀመጥ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ሙሉውን ዴይራ ሆኖ መመላለስ ደግሞ በነሐሴ ሙቀት የአራት ዓመት ልጅ አይችለውም።

መጀመሪያ ርቀቱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ወኪሎች ብዙ ጊዜ አያነሱትም። ሌጎላንድ፣ የሌጎላንድ ዋተር ፓርክና ሞሽንጌት የሚባለው የፊልም መጫወቻ ፓርክ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ቦታው ዱባይ ፓርክስ ኤንድ ሪዞርትስ ይባላል። ስሙን ሰምተሽ መሃል ከተማ እንዳይመስልሽ። በሼክ ዛይድ መንገድ ወደ አቡ ዳቢ ስትወጪ፣ ጀበል አሊ አካባቢ ነው። ከዴይራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከፒያሳ ተነስተሽ ቢሾፍቱን አለፍ እንደማለት ቁጠሪው። መንገዳቸው ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግን ማታ ወደ ከተማ ስትመለሺ መጨናነቅ አለ። ቀኑን ሙሉ የተጫወተ ልጅ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ይተኛል፣ ሆቴል ስትደርሺ ይነሳል፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት አይተኛም። በማግስቱ ፓርክ የመሄድ ሐሳብ እዚያው ያበቃል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። አንዱ የታክሲ ጉዞ 140 ድርሃም ወጣ እንበል። ሁለት ቀን ከዴይራ ብትመላለሱ አራት ጉዞ ነው፣ 560 ድርሃም። በመሃል አንድ ሌሊት ፓርኩ አጠገብ ካደራችሁ ግን መሄጃና መመለሻ ብቻ ነው፣ 280። የፓርኩ ሆቴል በአዳር ከዴይራው በ400 ድርሃም ቢበልጥ እንኳ እውነተኛው ልዩነት 120 ይሆናል። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ አንቺ የራስሽን ዋጋ አስገቢበት። ብቻ የታክሲውን ሳትቆጥሪ የክፍሉን ዋጋ ብቻ አታወዳድሪ። አንድ ነገር አደራ፣ ያን ሌሊት የዴይራውን ክፍል ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ለሁለት ክፍል መክፈል ይሆናል። ቼክ አውት አድርጉና ትልልቁን ሻንጣ እዚያው አስቀምጡ። አብዛኞቹ ሆቴሎች ሻንጣ ያስቀምጣሉ፣ በተለይ ተመልሳችሁ የምትመጡ ከሆነ።

አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፣ ተራው ታክሲ የሚይዘው አራት ተሳፋሪ ነው። ትልቅ መኪና ሲሆን ዋጋውም ይጨምራል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ሙቀቱ። የልጆቻችን ረጅም ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ዱባይ በእነዚህ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ትሆናለች፣ ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅ ሲጨመርበት ደግሞ ጥላ ሥር ቆመሽም ያልብሻል። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ ክረምት ላይ ጃኬት ለብሰን ነው ከቤት የምንወጣው። ልጆቹ ላይ ለውጡ በጣም ከባድ ነው። ከእኩለ ቀን እስከ አስር ሰዓት ውጭ መቆየት አይታሰብም። ሆቴሉ በእግር የሚደረስ ከሆነ ግን መፍትሔ አለው። ረፋድ ላይ ትገባላችሁ፣ ትንሽ ትጫወታላችሁ፣ ከምሳ በኋላ ክፍል ገብታችሁ ኤሲ ሥር ትተኛላችሁ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ትመለሳላችሁ። ፓርኩ አጠገብ ማደር ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ለኔ ትልቁ ይሄ የቀን እንቅልፍ ነው። ጉዞው ጥር ላይ፣ በመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ያኔ አየሩ ደስ ይላል፣ ሙሉ ቀን ውጭ መዋል ይቻላል፣ ቀን ላይ ክፍል መመለስም አያስፈልግም። የሆቴል ዋጋ ግን ያኔ ይወደዳል። ክረምት ላይ ሙቀቱ ሰው ስለሚያስቀር ዋጋው ይቀንሳል፣ ይህንን ተጠቀሙበት።

ግቢው ውስጥ ካሉት ሆቴሎች ሁለቱን ልንገርሽ። ሌጎላንድ ሆቴል በፈረንጆቹ 2022 የተከፈተ ነው፣ ከሌጎላንድ በር ጥቂት እርምጃ ነው። ክፍሉ ውስጥ የወላጆች አልጋ ለብቻ፣ የልጆች ተደራራቢ አልጋ ለብቻ አለ። ክፍሎቹ የባሕር ወንበዴ፣ የቤተ መንግሥት፣ የኒንጃ እያሉ የተሠሩ ናቸው። ልጆቹ ፍንጭ እየተከተሉ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ካዝና ከፍተው ስጦታ ያገኛሉ። ለአራት ዓመት ልጅ ሆቴሉ ራሱ ፓርክ ነው። የዘጠኝ ዓመቱም ይወደዋል። ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ግን አልመክረውም። ሌጎላንድ ራሱ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው የታሰበው፣ አሥራ ሦስት የሞላው ልጅ ፊቱን ያጠቁርባችኋል።

ሌላው ላፒታ ነው። የማሪዮት ሆቴል ነው፣ ሰፊ መዋኛ አለው፣ ጸጥ ያለ ነው። አያት ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም ልጆቹ ከፍ ያሉ ከሆኑ እሱን እመርጣለሁ። ለሁለቱም የፓርክ መግቢያ የተካተተበት ጥቅል አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ጥቅሎቹ በየወቅቱ ይለዋወጣሉ። መግቢያው ካለበት የአራት ሰው ትኬት ከክፍሉ ዋጋ ላይ ቀንሰሽ ነው ማወዳደር ያለብሽ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሂሳቡን የሚስተው።

ለሙቀቱ የሚሆን ሌላ ነገር፣ ሌጎላንድ ውስጥ ሚኒላንድ የሚባለው ክፍል ጣሪያ ሥር ነው። 17 ሜትር ቁመት ያለው የሌጎ ቡርጅ ኸሊፋ አለበት። ሞሽንጌት ውስጥም የሽሬክና የኩንግፉ ፓንዳ ክፍል ሙሉ በሙሉ ኤሲ ውስጥ ነው። የዘጠኝ ዓመቱን አባቱ ወደዚያ ይውሰደው፣ አንቺ ከትንሹ ጋር ተኚ። ከመግባታችሁ በፊት ግን የልጁን ቁመት ለኩ። ትልልቆቹ መጫወቻዎች የቁመት ገደብ አላቸው። ልጅ ተሰልፎ በር ላይ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል።

ዋተር ፓርኩ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። ዋናው ፍላጎታችሁ ውኃው ከሆነ ሌላ አማራጭ አለ። ፓልም ጁሜይራ በሚባለው ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ያለው አትላንቲስ ሆቴል እንግዶቹን አኳቬንቸር ዋተር ፓርክ በነጻ ያስገባል። ነጻ መግቢያው የምትገቡበትንም የምትወጡበትንም ቀን ይጨምራል። ይሄ ማለት አንድ ሌሊት ብቻ አድራችሁ ሁለት ቀን ትዋኛላችሁ። ጠዋት ሄዳችሁ ሻንጣ አስቀምጣችሁ ትገባላችሁ፣ በማግስቱ ክፍሉን ካስረከባችሁም በኋላ እዚያው ትውላላችሁ። ሆቴሉ ውድ ነው፣ አልደብቅሽም። ነገር ግን የአራት ሰው የሁለት ቀን ትኬት ከላዩ ላይ ስትቀንሺው ልዩነቱ ያን ያህል አያስደነግጥም። እዚያ ሁለተኛ ሌሊት መጨመር ግን ትርጉም የለውም።

ብዙዎቻችሁ ስለ ያስ ደሴትም ትጠይቃላችሁ። አቡ ዳቢ ነው። ፌራሪ ወርልድ፣ ያስ ዋተርወርልድ፣ ዋርነር ብራዘርስና በ2023 የተከፈተው ሲወርልድ ጎን ለጎን ናቸው፣ ሆቴሎቹን ከፓርኮቹ ጋር የሚያገናኝ ነጻ አውቶቡስም አለ። ፌራሪና ዋርነር ጣሪያ ሥር ስለሆኑ ለክረምት በጣም ይመቻሉ። ዲዝኒም እዚያው ደሴት ላይ እንደሚሠራ በግንቦት 2025 ይፋ ሆኗል፣ ገና ነው እንጂ። ከዱባይ በቀን ደርሶ መመለስ ግን ከትንሽ ልጅ ጋር አይሆንም። ያስን ከፈለጋችሁ እዚያው እደሩ፣ ወይም ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በአንድ ሳምንት ሁለቱን አትደራርቡ።

አሜሪካ ዘመድ ጋ ሄደው ትልልቆቹ ፓርኮች ወዳሉባት ኦርላንዶ ለመሻገር ለሚያስቡ አንድ ነገር ልበል። እዚያ ሆቴሉ ሰልፍ ያሳጥራል፣ ሂሳቡም ሌላ ነው። ዲዝኒ ወርልድ ሆቴሎቹ ውስጥ ያደረን ሁሉ ከሌላው ሰው ሠላሳ ደቂቃ ቀድሞ ያስገባል። ዩኒቨርሳል ደግሞ ሦስቱ ውድ ሆቴሎቹ፣ ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ፣ ቀድመው በተከፈቱት ሁለቱ ፓርኮቹ ሰልፍ የሚያዘልል ማለፊያ ከክፍሉ ጋር ይሰጣሉ። በ2025 የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ ላይ ግን ያ ማለፊያ አይሠራም። ዱባይ ክረምት ላይ ሰልፉ ያን ያህል ስላልሆነ፣ ለዚህ ብለሽ ተጨማሪ አትክፈዪ።

ዴይራን ደግሞ አትናቂ። ወኪልሽ መጥፎ ምክር አልሰጠሽም። ሜትሮ አጠገብሽ ነው፣ ገበያው አጠገብሽ ነው፣ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ልጆች በሦስተኛው ቀን ፓስታና ድንች ሰልችቷቸው እንጀራ ማለታቸው አይቀርም። ከሁሉም በላይ የኛ ሰዎች አሉ። እዚያ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች፣ የአክስት ልጆች፣ ያደግንበት ሰፈር ልጆች። ልጆችሽን ለማየት የሚጓጉ ናቸው። ብዙዎቹ የሚወጡት በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እሁድ። ያን ቀን ጀበል አሊ ብትሆኚ አታገኚያቸውም። ስለዚህ የፓርኩን ሌሊት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው አድርጊው። የሀገሩ የሳምንት ዕረፍት ከ2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ በእነዚያ ቀናት ፓርኩም ይጨናነቃል፣ ክፍሉም ይወደዳል። እሁድን ለዘመድ ተዪው። ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ።

የመጀመሪያውንም ሌሊት ፓርኩ አጠገብ አታድርጊ። ሌሊት ተጉዛችሁ ጠዋት ከደረሳችሁ ክፍል የምታገኙት ብዙ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይዞ ሎቢ ውስጥ መጠበቅ፣ ለዚያውም ውዱን ሌሊት ከፍሎ፣ አያዋጣም። መጀመሪያ ዴይራ እረፉ፣ ፓርኩን መሃል ላይ አድርጉት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኢንተርኔት ላይ የምታዪው ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት፣ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ከዚያ ላይ ቱሪዝም ድርሃም የሚባል በክፍል በአዳር እስከ 20 ድርሃም ይመጣል። ወኪሉን "ሁሉም ገብቶበታል?" ብለሽ በጽሑፍ አስመልሺው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ድርሃም ክብደት አለው። ሆቴሎቹ ስትገቡ ማስያዣም ይጠይቃሉ፣ በጥሬ ወይም በካርድ። ሁለት ሆቴል ማለት ሁለት ማስያዣ ነው። በካርድ ከያዙብሽ እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ካርድሽ ላይ የሞላሽው ትንሽ ከሆነ ገንዘቡ ታስሮ ትቸገሪያለሽ። ለማስያዣ ብለሽ ጥሬ ድርሃም ለይተሽ ያዢ፣ ስትወጪ እዚያው ይመልሱልሻል።

ቁርስም አለ። ጉዞው ከነሐሴ 1 እስከ 16 ከሆነ ፍልሰታ ነው። ሁለታችሁም የምትጾሙ ከሆነ ቁርስ ያለበትን ዋጋ አትክፈሉ፣ የልጆቹን ከሱቅ ገዝቶ ክፍል ውስጥ ማብላት ይቻላል። ሌጎላንድ ሆቴል ላይ ቁርሱ ከክፍሉ ጋር ስለሆነ ልጆቹ ይብሉበት፣ የጾም ነገርም ከመሃሉ አይጠፋም።

ወኪሉ ሲመዘግብ የልጆቹን ትክክለኛ ዕድሜ ይንገራቸው። አንዳንዱ ክፍል ሁለት ልጅ በነጻ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ለተጨማሪ አልጋ ያስከፍላል፣ ይሄ በር ላይ ሲነሳ መከራከር ያስቸግራል። ቪዛችሁ ሳይወጣ ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል እንዳትይዙ። ትንሽ ቢወደድም በነጻ የሚሰረዘውን ያዙ፣ ቪዛው ሲወጣ ርካሽ ካገኛችሁ ትቀይሩታላችሁ።