«እምነትዎ ልክ አይደለም» ያልኳቸው እናት

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዘን ሳለ አንድ የሳይኮሎጂ ተማሪ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ከቲዎሪዎቹ ሁሉ እርስዎ የሚያምኑት በየትኛው ነው?» ማመን የምትለዋ ቃል ነካችኝ። ሂሳብ ከፍዬ ተነሳሁ። ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ያኔ ያልመለስኩልህን አሁን ልጻፍልህ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ድሬን ለማታውቁ፣ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። በእግራችን እንሻገረዋለን። ዝናቡ የወረደው ከላይ ተራሮቹ ላይ ነው፤ ውሃው ከተማ የደረሰው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

እኔ በሳይኮሎጂ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ጎርፉ ያፈናቀላቸው ሰዎች ያረፉባቸው ድንኳኖች መሃል ሰው እንዳነጋግር ተመደብኩ። ኤሊስን በቃሌ ነበር የምወጣው። አልበርት ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሳይኮአናሊሲስን፣ የፍሮይድን የሕክምና መንገድ፣ ትቶ የራሱን መንገድ የጀመረ ሰው ነው። «ኤ» የደረሰብህ ነገር፣ «ቢ» ስለ ነገሩ የያዝከው እምነት፣ «ሲ» ከዚያ የሚመጣው ስሜት። ሕመሙን የሚያከብደው «ቢ» ስለሆነ እሱን ሞግተው ይላል። ፈተና ላይ ደፍኛታለሁ።

እህታቸውን ሊያስታምሙ የመጡ አንድ እናት ነበሩ። ጀሪካን አጋድመው ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው በዚያ ሌሊት ወንዙ ዳር አክስቱ ቤት ነበር ያደረው። «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይላሉ። «አክስትህ ጋ እደር ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።» እጃቸው አያርፍም። ጠጠሯን ለይተው ወደ ዳር ይገፋሉ፣ ደግመው ይሉታል፣ ሌላ ጠጠር ይገፋሉ።

እኔ «ቢ»ን አገኘኋት ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ግን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛውን እዚያው መፈለግ ነበረብኝ።

«እናቴ፣ ይሄ እምነትዎ ልክ አይደለም። ማስረጃ የለውም።»

እጃቸው ቆመ።

«እምነቴ? ሶላቴን ያላቋረጥኩ ሰው ነኝ። እምነቴ ምን ሆነ?»

ላስረዳ ሞከርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ባሰ። ሰፌዳቸውን ይዘው ተነሱ። «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለው ሄዱ። ዳግም እኔ ጋ አልመጡም።

ለዓመታት «ሐሳብዎ» ብል ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ልጇን ከቀበረች ሁለት ሳምንት ካልሞላት ሴት ጋር ምን ሙግት አለ? ካርል ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1957 ሰው እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ያላቸውን ስድስት ነገሮች ጽፏል። የመጨረሻው፣ የአማካሪው መረዳት በትንሹም ቢሆን ለተቸገረው ሰው መድረስ አለበት ይላል። ለፈተና አስምሬበት ነበር። የእኔ መረዳት፣ ያውም ከነበረ፣ ሰፌዱ ጋ አልደረሰም።

መጋላ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ የሚደርሱ ሴቶች ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ቡና ያቀርባሉ፣ ዝም ይላሉ። ባህላችን ሁሉን ያውቃል ማለቴ ግን አይደለም። እኛው ነን ደግሞ ያዘነን ሰው ሁሉ «አቦ አታካብድ!» የምንለው። ያቺ ቃል ስንቱን አፉን እንዳዘጋች ቤቱ ይቁጠረው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ጉድ ናችሁ። የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ «እኔ ሲቢቲ ነኝ» ትላላችሁ፤ እንደ ኤሊስ ሐሳብን በመመርመር የሚሠራ ሕክምና ነው። ባጃጅ ቢዘገይ «ትራውማ» ሆነ። ቁጭ ብላችሁ የሰዎቹን ጽሑፍ ራሱን አንብቡ። እኔ አንብቤ ምን እንደሠራሁ ነግሬያችኋለሁ፤ ቢሆንም አንብቡ። ኤሊስንም አልጣልኩትም። ፈተና የሚያንቀጠቅጠው ተማሪ ሲመጣ እስካሁን እሱን ነው የማወጣው።

ባለፈው ወር ግን አንዲት ተለማማጅ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ አዛውንት አነጋገረች። «አባባ፣ ይሄን ነገር እቤት ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» አለቻቸው። ሌላ ብዙም አልጠየቀች። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩላት። ከእኔ አልተማረችውም፤ ስልኳንም ስትነካ ነው የምትውለው።

ከጎርፉ ሁለት ዓመት በኋላ ቀፊራ ገበያ ገባሁ። እኚያ እናት ሎሚ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እንደዚያን ቀን ዓይነት ሰፌድ ላይ የበሰበሰውን ከደህናው ይለያሉ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ያወቁኝ መሰለኝ። ሰላም ልላቸው አንድ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ በሥጋ ተራው በኩል ዞሬ ወጣሁ።