በመሐል የሚቋረጠው ዐረፍተ ነገር

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምኖር መሐንዲስ ነኝ። ጓደኛዬ እጅግ ወድዶት ያዋሰኝን የሩሲያዊውን ደራሲ የየቭጌኒ ዛሚያቲንን ልብ ወለድ «እኛ»ን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ማንበብ ከጀመርሁ ወር አለፈኝ። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ የሚጠሩት በፊደልና በቁጥር ነው። ዐረፍተ ነገሩም መሐል ላይ ይቋረጣል። ከሥራ መልስ ጣና ዳር ተቀምጬ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አነብና ምንም ሳልይዝ፣ እንጨት የጫኑትን የደንገል ታንኳዎች ስመለከት ይመሻል። እንግሊዝኛዬ ደክሞ ይሆን? ልተወው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ድክመቱ የእንግሊዝኛዎ አይመስለኝም። ልብ ወለዱ 40 ማስታወሻዎች አሉት፤ የሚጽፋቸውም «ኢንተግራል» የተባለውን የጠፈር መርከብ የሚያሠራው መሐንዲስ ዲ-503 ነው። በመስታወት ቤቶች ከተማ፣ ሰዓቱ በሠንጠረዥ ተደልድሎለት የሚኖረው ይህ ሰው ስለ አገዛዙ በኩራት መጻፍ ይጀምራል፤ አንዲት ሴት ሕይወቱን ካናወጠችው በኋላ ግን የሚሰማውን የሚጠራበት ቃል እያጣ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ይተወዋል። እርስዎን ግራ ያጋባዎት እሱን ራሱን ግራ ያጋባው ነገር ነው።

ስምንተኛው ማስታወሻ ላይ ቆም ይበሉ። ዲ-503 ልጅ ሳለ ስለ ነጌቲቭ አንድ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ነጌቲቭ አንድ ስለሚሰጠው ቁጥር ሲማር፣ ይህን ቁጥር ከውስጤ አውጡልኝ እያለ ጠረጴዛ ደብድቦ ማልቀሱን ያስታውሳል። እርስዎ በትምህርት ቤት ተቀብለው ያለፉት ቁጥር እሱን ያስለቀሰው፣ በለመደው ስሌት የማይያዝ ነገር መኖሩን ስለነገረው ነው። ኋላም ሐኪሙ ነፍስ አብቅለሃል ሲለው የሚደነግጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የልብ ወለዱ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሚያቲን ራሱ የመርከብ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 የጻፈው ይህ ሥራ በመጀመሪያ የታተመው በእንግሊዝኛ፣ በ1924 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በ1963 የከተማችሁን ፖሊቴክኒክ ለማቋቋም የረዳችው ሶቪየት ኅብረት፣ የገዛ ልጇን መጽሐፍ ለሕዝቧ ያሳተመችው በ1988 ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ በአንድ ምሽት ከአንድ ማስታወሻ በላይ አያንብቡ። የከተማዋን አሠራር በሙሉ ለመረዳት አይድከሙ፤ ዐረፍተ ነገሩ በተቋረጠበት ቦታ ግን በእርሳስ ምልክት አድርገው፣ ሰውየው ምን ሊል ነበር ብለው ይጠይቁ። የሐኪሙ ነገር ያለበት 16ኛው ማስታወሻ ላይ ደርሰው ስለዚህ ሰው ዕጣ ካልተጨነቁ፣ መጽሐፉን ያለ ሐፍረት ይመልሱ፤ ሲመልሱም ጓደኛዎ የትኛውን ማስታወሻ እንደወደደ ይጠይቁትና እሱኑ አብራችሁ አንብቡት።