ፖርቱ 40 ጊጋቢት እያለ ፋይሉ ለምን ይንቀረፈፋል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤ ሥራዬ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ነው። በቅርቡ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። በጎኑ የመብረቅ ምልክት ያለበት የታይፕ ሲ ፖርት ያለው ሲሆን ሻጩ ተንደርቦልት 3 የሚባለው ፈጣን የመገናኛ ዓይነት መሆኑንና በሰከንድ 40 ጊጋ እንደሚያስተላልፍ ነግሮኛል። አብሬም ማሸጊያው ላይ «1,050 ሜጋባይት በሰከንድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ውጫዊ ኤስኤስዲ ገዛሁ። የዲስኩ ገመድ እጅግ አጭር ስለሆነብኝ ከስልክ ዕቃ መሸጫ ሁለት ሜትር የሚሆን ሌላ የታይፕ ሲ ገመድ ገዝቼ በእሱ እየሠራሁ ነው። ይሁን እንጂ 200 ጊጋባይት የሚሆን የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ከላፕቶፑ ወደ ዲስኩ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። በእኔ ስሌት አምስት ሰከንድ ሊበቃው ይገባ ነበር። ሻጩ አታሎኝ ይሆን? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከላኩልን ቁጥሮች ተነሥተን ስንገምት ላፕቶፑም ዲስኩም ደኅና ናቸው፤ ጥርጣሬያችን ያረፈው በኋላ በገዙት ገመድ ላይ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የአምስት ሰከንዱን ስሌት ማረም ይኖርብናል።

የፖርት ፍጥነት የሚነገረው በቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚነገረው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 40 ጊጋቢት ማለት ቢበዛ በሰከንድ 5 ጊጋባይት ማለት ስለሆነ 200 ጊጋባይቱ 40 ሰከንድ ይፈልጋል። ይህም ቢሆን በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ተንደርቦልት 3 40 ጊጋቢቱን በሙሉ ለዲስክ አይለቅም፤ ከፊሉን ለሞኒተር ምስል ስለሚይዝ ለዲስክ በተግባር የሚተርፈው 22 ጊጋቢት ገደማ ነው። በዚህ የተነሣ ፈጣን የተባለ የተንደርቦልት 3 ዲስክ እንኳ ሲለካ በሰከንድ ከ2,800 ሜጋባይት እምብዛም አያልፍም።

የእርስዎ ዲስክ ደግሞ ከነጭራሹ የተንደርቦልት ዲስክ አይደለም። 1,050 ሜጋባይት የሚል ቁጥር በአብዛኛው የሚጻፈው በሰከንድ 10 ጊጋቢት በሚያስተላልፈው በዩኤስቢ 3.2 ጄን 2 በሚሠሩ ዲስኮች ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ተንደርቦልት ፖርት ላይ ሲሰካ ፖርቱ እንደ ተራ የዩኤስቢ ፖርት ሆኖ ያገለግለዋል፤ የፍጥነቱም ጣሪያ 10 ጊጋቢት ይሆናል። በመሆኑም ሁሉም ነገር ቢሟላ እንኳ ሊጠብቁ የሚገባዎት በሰከንድ አንድ ሺህ ሜጋባይት አካባቢ ነው። ይህም 200 ጊጋባይትን ከሦስት ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ያደርሳል።

ታዲያ አንድ ሰዓት ተኩሉ ከየት መጣ? 200 ጊጋባይት 200,000 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል 5,400 ሰከንድ ነው። ሲካፈል በሰከንድ 37 ሜጋባይት ይወጣል። ይህ በአጋጣሚ የሚገኝ ቁጥር አይደለም። በ2000 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ጣሪያው 480 ሜጋቢት፣ ማለትም 60 ሜጋባይት ሲሆን፣ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ለመግባባት የሚወስዱት ድርሻ ሲቀነስ ለፋይሉ የሚተርፈው ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። ሌላ አገላለጽ ባንጨምርበት እንኳ የእርስዎ ዲስክ በአሁኑ ሰዓት እየሠራ ያለው በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት መሆኑን ይህ ቁጥር ብቻውን ይናገራል።

እዚህ ላይ ነው ገመዱ የሚመጣው። የታይፕ ሲ መሰኪያ በውስጡ 24 ፒኖች አሉት፤ ለከፍተኛ ፍጥነት የሚያገለግሉት ግን ከእነዚህ የተወሰኑት ብቻ ናቸው። ለስልክ ቻርጅ ተብለው የሚሠሩት ገመዶች ከኤሌክትሪኩ መስመር በተጨማሪ የዩኤስቢ 2.0ን ጥንድ ሽቦ ብቻ ይዘው የፈጣኖቹን ሽቦዎች ይተዋሉ፤ ገመዱ ቀጠን፣ ለስለስና ርካሽ የሚለውም ለዚህ ነው። ጫፉ ግን ከሌላው ገመድ ጫፍ ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት ስለሆነ በዓይን አይለይም። ውድ የሆነ ገመድ ሁሉ ፈጣን ነው ማለትም አይደለም፤ አፕል ከማክቡክ ቻርጀር ጋር የሚሰጠው የታይፕ ሲ ገመድ ላፕቶፕ የሚያስነሣ ኃይል እየተሸከመ ዳታ ሲያስተላልፍ ግን ከ480 ሜጋቢት አይዘልም። በ2023 የወጣው አይፎን 15 ፕሮም ስልኩ 10 ጊጋቢት ማስተላለፍ እየቻለ በሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው ገመድ የዩኤስቢ 2.0 ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከዲስኩ ጋር የመጣውን አጭር ገመድ መልሰው ይሰኩና አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል ይገልብጡ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አይጠቀሙ፤ ትንንሽ ፋይሎች ሲበዙ ፈጣን ዲስክም ቢሆን ይዘገያልና መለኪያው ያሳስትዎታል። ዊንዶውስ ከሆነ በመገልበጫው መስኮት ላይ የዝርዝር ማሳያውን ሲከፍቱ ፍጥነቱን በሜጋባይት ያነብቡታል። ቁጥሩ ከ37 ወደ ብዙ መቶዎች ከዘለለ ጥፋተኛው ታውቋል። ማክ የሚጠቀሙ አንባቢዎች ደግሞ የኦፕሽን ቁልፍን ይዘው የአፕል ምልክቱን በመጫን ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ቢከፍቱ፣ በዩኤስቢ ክፍል ሥር ዲስኩ በስንት ቢት እንደተገናኘ ተጽፎ ያገኙታል።

ገመዱን ከለወጡ በኋላም ፍጥነቱ መጀመሪያ ላይ ሺህ ደርሶ ከጥቂት አሥር ጊጋባይቶች በኋላ ወደ ሁለት ወይም ሦስት መቶ ቢወርድ አይደንግጡ። ዋጋቸው መለስተኛ የሆኑ ኤስኤስዲዎች የመጣላቸውን ዳታ በመጀመሪያ ፈጣን በሆነች ጠባብ ክፍላቸው ይቀበሉና እሷ ስትሞላ በራሳቸው ትክክለኛ ፍጥነት መጻፍ ይጀምራሉ። የሠርግ ቪዲዮን የሚያህል ፋይል ይህን ጠባይ ያጋልጣል፤ በማሸጊያው ላይ ግን አይጻፍም። ቪዲዮውን በቀጥታ ከካሜራው ሜሞሪ ካርድ የሚገለብጡ ከሆነም ወሳኙ ካርዱ ነው፤ ዩኤችኤስ 1 በሚባለው የካርድ ፍጥነት ደረጃ ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት ስለሆነ የትኛውም ዓይነት ፖርት ቢኖርዎት 200 ጊጋባይቱ ከግማሽ ሰዓት በታች አይወርድም።

ሁለት ሜትር ገመድ የግድ ካስፈለገዎት ሲገዙ «10 ጊጋቢት» ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር ገመዱ ራሱ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ካላዩ አይግዙ። ሻጩ «ይሄ ፈጣን ነው» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ቻርጅ ፍጥነት ነውና «ዳታውስ?» ብለው ይጠይቁ።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ደግሞ ቅር ይለናል። በ2008 ዩኤስቢ 3.0 ተብሎ የወጣው የ5 ጊጋቢት ፍጥነት በ2013 ዩኤስቢ 3.1 ጄን 1፣ በ2017 ደግሞ ዩኤስቢ 3.2 ጄን 1 ተባለ፤ አንዱን ልጅ ሦስት ጊዜ ክርስትና አነሡት። 10 ጊጋቢቱ ጄን 2፣ 20 ጊጋቢቱ ጄን 2 ባይ 2 ይባላል። ሻጭ «ዩኤስቢ 3.2 ነው» ቢልዎት 5ም፣ 10ም፣ 20ም ሊሆን ስለሚችል ምንም አልነገረዎትም ማለት ነው። ደረጃውን የሚያወጣው ማኅበር ራሱ ችግሩን ተረድቶ በ2022 አምራቾች የጊጋቢቱን ቁጥር ብቻ እንዲለጥፉ ምልክቶቹን አቅልሏል፤ እኛም ገዢ ሆነው ሲሄዱ ስሙን ትተው ቁጥሩን እንዲጠይቁ እንመክራለን። ባለ 20 ጊጋቢት ዲስክ ሊገዙ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ ይህን ዓይነት የሚቀበሉ ላፕቶፖች ጥቂት ሲሆኑ ተንደርቦልት 3 እና 4 ያላቸው ማኮችም ወደ 10 ጊጋቢት ዝቅ አድርገው ነው የሚያሠሩት።

ጥያቄ፦ ተንደርቦልት 3ም ተንደርቦልት 4ም 40 ጊጋቢት ከሆኑ፣ ለ4 ተጨማሪ ገንዘብ የምንከፍለው ለምኑ ነው? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ለዋስትናው ነው። በ2015 ተንደርቦልት 3 ሲወጣ አምራቾች ብዙ ነገር በፈቃዳቸው የሚተዉበት ቀዳዳ ነበረው። ለዲስክና ለመሰል መሣሪያዎች የሚያገለግለውን ውስጣዊ መስመር 16 ጊጋቢት ብቻ አድርጎ መሥራት ይፈቀድ ስለነበር፣ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት ዲስክ ተሰክቶ አንዱ የሌላውን ግማሽ የሚያህል ፍጥነት ሲሰጥ ይታይ ነበር። በ2020 የወጣው ተንደርቦልት 4 ይህን ዝቅተኛ መጠን ወደ 32 ጊጋቢት ከፍ አድርጎታል፤ ሁለት የ4ኬ ሞኒተሮችን ማሠራትንም ግዴታ አድርጓል። ከሁሉ ይልቅ ግን በዕለት ተዕለት ሥራ የሚጠቅመው የገመዱ ነገር ነው። የተንደርቦልት 3 ተራ ገመድ ከአንድ ሜትር በታች ካልሆነ 40 ጊጋቢቱን ሳይሸከም ወደ 20 ይወርድ ነበር፤ የተንደርቦልት 4 ገመድ እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ሙሉውን ያደርሳል፤ በተንደርቦልት 3 ላፕቶፕም ይሠራል። ስለዚህ ጥሩ የተንደርቦልት 3 ላፕቶፕ ያለው ሰው ላፕቶፑን ከሚለውጥ የቁጥር 4 ገመድ ቢገዛ ይሻለዋል።

የመብረቁን ምልክት ሲያዩም ልብ ይበሉ፤ የተንደርቦልቱ መብረቅ ጫፉ እንደ ቀስት የሾለ ነው። በባትሪ ሥዕል ውስጥ ያለ መብረቅ ግን ፖርቱ ስልክ ቻርጅ እንደሚያደርግ ብቻ የሚናገር ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ለምትማር እኅቴ ላፕቶፕ ልልክላት አስቤ ተንደርቦልት 5 ያለውን እንድገዛ ተመክሬ ነበር። እኅቴ የምትማረው አካውንቲንግ ነው። ያስፈልጋታል?

መልስ፦ አያስፈልጋትም። በ2023 ይፋ የሆነው ተንደርቦልት 5 በሁለቱም አቅጣጫ 80 ጊጋቢት፣ ብዙ ሞኒተር ሲገናኝ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ እስከ 120 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ የሚጠቅመውም ለከባድ ቪዲዮና ለመሰል ሥራ ነው። የሒሳብ ሠንጠረዥና የጥናት ጽሑፍ በተራ 5 ጊጋቢት ፖርት በዓይን ጥቅሻ ያልፋል፤ የቆየው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም ቢሆን ከ150 ሜጋባይት ብዙም ስለማይዘል የዚህን ፖርት ግማሽ እንኳ አይሞላውም። ገንዘቡን ለሰፋ ራምና ለውስጣዊ ኤስኤስዲ ያውሉት። ይልቅ ላፕቶፑ ቢያንስ አንድ የቀድሞውን ሰፊ የዩኤስቢ ፖርት የያዘ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በየማተሚያ ቤቱ የምትሰካው ፍላሽም ሆነ የክፍል ጓደኞቿ የሚያቀብሏት ፍላሽ በአብዛኛው የሚገባው እዚያ ነው።